ሰማያዊው ወንበርና የጋሼ ኃይለማርያም ወገብ

ፒያሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለማክዳ፣ ጅማ

ደብዳቤ ድሮ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነበር የሚጀመረው፤ አንቺ ግን ያቺን ቃል ከለከልሽኝ። በስልክ «ደህና ነኝ» እያልኩሽ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ወለል ላይ ተዘርሬ በመገኘቴ፣ ከእንግዲህ በእጅ ጽሑፍዎ ካልሆነ አላምንዎትም አልሽ። ይሁን። አርባ ዓመት ወርቅ ስሠራ ወርቄን የተጠራጠረ ደንበኛ አልገጠመኝም። ቃሌን የተጠራጠረችው በእጄ ያሳደግኳት ልጅ ሆነች። ለካ ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ትምህርት ሰውን አለማመን ኖሯል!

ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም። ከሱቄ ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ዓይናቸው ከእኔ ማጉያ መነጽር የሚበልጥ ሰላይ አሉሽ። እማማ ብርኽቲ ይህን ስጽፍ እንኳ በመስኮታቸው እያዩኝ ነው። የጅማው ሹፌር ፍትዊ ደብዳቤውን እስኪወስድ ከዚያ አይነሡም።

በላክሽልኝ የጥያቄ ወረቀት ላይ ሕመሙ ከዐሥር ስንት ነው ላልሽው፣ ጠዋት ስድስት፣ ከሰዓት ሰባት፣ ጎረቤቴ ገብረአብ ምክር ሊሰጠኝ ሲገባ ዘጠኝ ነው። ወለል ላይ ያስተኛኝም እሱ ነው። «ወገብ ጠንካራ ነገር ይወዳል፤ ሦስት ሳምንት ሳትነሣ ብትተኛ ትድናለህ» አለኝ። እንደ እኔው ወርቅ ሠሪ መሆኑን ረስቼ ሰማሁት። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ልነሣ ስል እንደ ኤሊ በጀርባዬ ቀረሁ። እማማ ብርኽቲ ጎረቤት ጠርተው አስነሡኝ፤ ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ላንቺ ደወሉ።

ከዚያ በፊት ምን እንደሞከርኩም ጠይቀሻል። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ አንዴ ጠመዘዘኝ፣ ሁለተኛ አላየኝም። ዋግምትም ተደርጎልኛል። ገብረአብ ከዱባይ ያስመጣው ቅባት ወገቤን አልነካውም፤ ዝንቦቹን ግን ከሱቄ አባሮልኛል። ቀበቶ አስሬ እውላለሁ። ከፋርማሲ ክኒን እየገዛሁ ስንት ወር እንደዋጥኩ ግን አልጽፍም፤ ትጮሂያለሽ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ «ወገብዎ ቢሻልዎ ማድረግ የሚፈልጉት አንድ ነገር ምንድን ነው?» ይላል። ይህ የሐኪም ጥያቄ አይደለም፤ ዝለይው። ይልቅ የተነሣሁትን ኤምአርአይና ሐኪሙ የጻፈውን በፍትዊ ልኬልሻለሁ። ቀዶ ጥገና ከሆነ መድኃኒቱ፣ ይቀደድና ይገላገል በይኝ።

አጎትሽ ኃይለማርያም

ከፈረምኩ በኋላ፦ ፍትዊ አረፈደ። የዘለልነውን ጥያቄ ልመልስ።

አምና ስቅለት ዕለት ጊዮርጊስ ግቢ ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ፣ እኔ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ቸብ እያደረጉ የንስሐ ስግደታችንን ሲሰጡን፣ አባ ተስፋልደት ለእኔም እንደ ሰው «አርባ አንድ» አሉኝ። ከዚያ ወንበሩን አዩትና ደነገጡ። «ተወው ልጄ፣ አንተስ ራስህን ዝቅ ማድረጉ ይበቃሃል» አሉ። ይህን ጊዜ እማማ ብርኽቲ፣ ልጄ ለማለት በትግርኛቸው «ወደይ፣ ያንተን እኔ ልስገድልህ» አሉና የራሳቸውን ጨርሰው የእኔን አርባ አንድ በስሜ ሰገዱ። በሰባ ሰባት ዓመታቸው! እኔ ተቀምጬ እየቆጠርኩ!

ከዚያ ወዲህ ሱቄ በገቡ ቁጥር «ያንተ ስግደት ጉልበቴ ውስጥ አለች» ይሉኛል። ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፤ ሲወጡ ግን ሥራዬን ትቼ እቀመጣለሁ። የምፈልገው ይኸው ነው ልጄ። የራሴን ራሴ ልስገድ።


ጅማ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ

የክኒኑን ነገር ባይጽፉልኝም እማማ ብርኽቲ ባዶ እሽጎቹን ቆጥረው ነግረውኛል። ጮኼያለሁ፤ ባልደረቦቼ ምስክር ናቸው። እባክዎን ነገውኑ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው ይንገሩ። ጨጓራና ኩላሊት እንደ ወገብ አይጮኹም፤ ዝም ብለው ነው የሚጎዱት።

ኤምአርአይውን ከዚህ ካለው ስፔሻሊስት ጋር አየነው። አንዱ ዲስክዎ ትንሽ ወጣ ብሏል። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡም በብዙዎቹ ላይ ይኸው ይታያል፤ ስለዚህ በሥዕሉ አይፍሩ። የመረመሩዎት ሐኪምም እግርዎ እንዳልደከመና እንዳልደነዘዘ ጽፈዋል። የሚቀደድ ነገር የለም። ነገር ግን እግርዎ ከደከመ፣ ወይም በጭኖችዎ መካከልና በመቀመጫዎ በኩል ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎ፣ ደብዳቤ አይጻፉ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። በዚህች መስመር ብቻ አይቀልዱ።

ከወለሉ ይነሡ። ወገብ እንደተኛ አይድንም። ጠዋትና ማታ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ፤ የፒያሳ መንገድ እንደሆነ ሰፍቷል፣ ሰበብ የለዎትም። በሌላው ወረቀት ላይ ሦስት እንቅስቃሴዎች ሥዬልዎታለሁ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ዐሥር ጊዜ። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ አድርገው ወገብዎ ላይ ቢይዙ ደስ ይልዎታል። ቀበቶውን ከባድ ሥራ ሲኖር ብቻ ይሰሩት። የሥራ ጠረጴዛዎን እስከ ደረትዎ ያስነሡት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ ይቁሙ። ሲንቀሳቀሱ ትንሽ ቢያምዎ ተጎዳሁ ማለት አይደለም፤ ሰውነትዎ ስለፈራ ነው።

ላልዘለሉት ጥያቄ አመሰግናለሁ። የዘንድሮ ስቅለት ሚያዝያ 10 ነው። ቀጠሮ መዝግቤያለሁ።

ማክዳ


ፒያሳ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማክዳ

አዎ፣ ብሶብኛል። የለም፣ ወጌሻው ዘንድ አልተመለስኩም። የለም፣ እግሬም አልደነዘዘም። አዎ፣ ሐኪሙ ክኒኑን አስቁሞኛል።

«ስንት ስንት ጊዜ ሠሩት?» ብለሽ መጠየቅሽ ነው ያስጨነቀኝ። ወረቀቱ ላይ ዐሥር ይላል፤ አይቻለሁ። ግን ልጄ፣ የምቆጥረው በመቁጠሪያዬ ነው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ጠዋት ጠዋት «ኪርያላይሶን» የምለው በእሱ ነው። ጣቴ አንዴ ከጀመረ አርባ አንዱን ፍሬ ጨርሶ መስቀሉ ላይ ሳይደርስ ማቆም አያውቅም። ደግሞም ለፈጣሪ አርባ አንድ ብዬ ለወገቤ ዐሥር ማለት ቆንቋናነት መሰለኝ። ሦስቱንም እንቅስቃሴ አርባ አንድ አርባ አንድ ጊዜ ሠራሁ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ወገቤ ተቃወመ፤ አልሰማሁትም። በማግሥቱ ካልሲዬን ያጠለቀልኝ ገብረአብ ነው። ሲያጠልቅልኝ እየዘመረ ነበር። ከሕመሙ የበለጠ ያ ነው የጎዳኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ የለፋሽበትን ትምህርት በመቁጠሪያ አበላሸሁት።

ኃይለማርያም


ጅማ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን አፈርኩ። ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ በዚያ መቁጠሪያ ድምፅ ነበር የምነቃው፤ «ዐሥር» ብዬ ስጽፍልዎ እንዴት እንደሚቆጥሩ ማሰብ ነበረብኝ።

መቁጠሪያውን አይተዉት። ዐሥራ አንደኛው ፍሬ ላይ ቀይ ክር ይሰሩ። ከፊታችን እሑድ ጀምሮ ጣትዎ ክሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ኪርያላይሶኑን እስከ መስቀሉ ይቀጥሉ፣ ወገብዎ ግን እዚያው ላይ ያርፍ። በየእሑዱ ክሩን ሁለት ሁለት ፍሬ ያራምዱት። ሆሳዕና ላይ አርባ አንድ ይደርሳል፤ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ደግሞ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ይግዙ። አዎ፣ ያንኑ ዓይነት። ከዚያ ከሣልኩልዎ ጋር የመጀመሪያውን ወር ከእሱ ላይ መነሣትና መቀመጥ ነው። በሁለተኛው ወር ወንበሩን ይዘው መንበርከክና መነሣት። ከዚያ በኋላ ግንባርዎ መሬት ይንካ። ስግደትዎን በቁራጭ በቁራጭ እንሠራዋለን።

ማክዳ


ፒያሳ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማክዳ

ስለ ታክሲው የሰማሽው እውነት ነው፤ ክጄ አልዋሽም። ጥር መጀመሪያ ላይ «እስከ አምስት ኪሎ በእግሬ ሄድኩ» ብዬ የጻፍኩልሽ ቀን በሚኒባስ ነው የሄድኩት። የተመለስኩት ግን በእግሬ ነው! የአምስት ኪሎ ቁልቁለት ምን ያህል እንደሚረዳ ስለማታውቂ ነው የምትፈርጂው። እማማ ብርኽቲ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጠው እንደነበር ያወቅሁት ስወርድ ነው። «ወደይ፣ እግርህ ጎማ አወጣ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደርሶ መልሱን በእግሬ ነኝ፤ ሰላይሽን ጠይቂ።

ጠረጴዛዬ ተነሥቷል። ገብረአብ አይቶ «ቅዳሴ ልትቀድስበት ነው?» አለ። በሳምንቱ የራሱንም ሲያስነሣ ያዝኩት፤ እኔ ግን ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ለሰፈሩ በሙሉ ከመናገር በቀር ምንም አላልኩም።

አሁን ደግሞ ስቂ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ እንደ ድመት ጀርባን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ ሱቅ ውስጥ ስሠራ ገብረአብ ገባ። ወርቅ ሠሪ በአራት እግሩ ወለል ላይ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ፈርጥ ወድቆበታል። ምን እንደወደቀ ሳይጠይቅ ኮቱን አውልቆ አጠገቤ ተንበረከከና መፈለግ ጀመረ። እኔም አልነገርኩትም። ቀለበት ልታስጠብብ የመጣች ረይሀና የምትባል ደንበኛዬም ቦርሳዋን አስቀምጣ ወረደች። ሦስታችን ስንርመሰመስ እኔ የቀረችኝን ስድስት ድመት ጨርሼ ተነሣሁና «አመሰግናለሁ፣ አገኘሁት» አልኳቸው። «ምን ነበር?» አለ ገብረአብ። «ወገቤ» አልኩት። ሦስት ቀን አኩርፎኛል።

ለምን እንደሚሠራ ገባኝ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የገባኝ በሙያዬ ነው። ወርቅ ሲቀጠቀጥ ይደድራል። ደድሮ ሳለ በኃይል ላጥፈው ብትይ ይሰነጠቃል፤ ፈርተሽ ብታስቀምጪውም እንደደደረ ይኖራል። እሳት ታሳዪዋለሽ፣ ለስለስ ሲል ጥቂት ታጥፊዋለሽ፣ እንደገና እሳት፣ እንደገና ጥቂት። አርባ ዓመት ለወርቅ ያደረግሁትን ለገዛ ጀርባዬ ነፍጌው ነበር።

ሕመሙ አራት ነው። ክሩ ዛሬ ሃያ ሦስተኛው ፍሬ ላይ ነው።

ኃይለማርያም


ፒያሳ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማክዳ

እግሬ አልደከመም። አልደነዘዘም። ሽንቴም በትእዛዜ ነው። በሦስቱ አልቀለድኩም።

ያነሣሁት የገብረአብን ጄኔሬተር ነው። ማንም አላስገደደኝም። መብራት ሄዶ እሱና ሌላ ሰው ለሁለት ሲታገሉት፣ «ዘወር በሉ» ብዬ ብቻዬን አነሣሁት። ሠላሳ አምስተኛው ፍሬ ላይ ደርሼ ነበር፤ ልቤ አብጦ ነበር። አሁን ስምንት ነው።

ፈርተዋል ወይ ላልሽው፣ አዎ። ሕመሙን አይደለም። ትናንት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ተመቸኝ፤ የፈራሁት መመቸቱን ነው። አባ ተስፋልደት ዘንድ ሄጄ «ዘንድሮም ቦታዬን ያዙልኝ» ልላቸው አስቤያለሁ። ይህን ሐሳቤን እማማ ብርኽቲ አልሰሙም። አትንገሪያቸው፤ «የዘንድሮውንም እሰግድልሃለሁ» ይሉኛል። ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።

ቀልድ የለኝም ዛሬ።

ኃይለማርያም


ጅማ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ

የተሰነጠቀ ወርቅ ምን ያደርጋሉ? ይጥሉታል? ልጅ ሆኜ ጠይቄዎት «ከወርቅ የሚጣል የለም፤ እሳት አሳይተን እንደገና እንጀምራለን» ብለውኛል።

ሁለት ቀን ሙቀትና አጭር አጭር እርምጃ። ከዚያ ክሩን ሃያ ሰባተኛው ፍሬ ላይ ይመልሱ፤ ከዐሥራ አንድ አይጀምሩም፣ ያገኙት ሁሉ አልጠፋም። እሑድ ሃያ ዘጠኝ። ሆሳዕና ላይ ሠላሳ ሦስት ይደርሳሉ። ለአርባ አንድ ስምንት ይጎድላል። ስለ ስምንቷ ቃል አልገባልዎትም፤ እሷ በእርስዎና በፈጣሪ መካከል ናት።

አባ ዘንድ አይሂዱ። ስቅለት ዕለት ወንበሩን ግን ራስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ቀን ላይ በየመሐሉ ይረፉበት። ማረፍ መሸነፍ አይደለም።

የዚያን ቀን ተረኛ ስለሆንኩ መምጣት አልችልም። ይጻፉልኝ።

ማክዳ


ፒያሳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ትንሣኤ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ ማክዳ!

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለሽ እስክትመልሺ ልጠብቅ። እሺ።

ዶሮው ጥሩ ነበር። አየሩም ጥሩ ነው። ገብረአብ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ቀለሙን ባልነግርሽ ይሻላል። ሌላ ምን ነበር የጠየቅሽኝ? አዎ፣ ስቅለት።

ወንበሬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ቀኑን እንዳልሽኝ አደረግሁ፤ ጥቂት ሰግጄ ተቀመጥኩ፣ ጥቂት ሰግጄ ተቀመጥኩ። አመሻሹ ላይ አባ ተስፋልደት ወይራውን ይዘው ደረሱ። ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ። ወንበሩን አዩ። «ዐሥራ ሁለት» አሉ በርኅራኄ።

«አባ፣ አምና አርባ አንድ ብለውኝ ነበር።»

«አምና ወንበር ላይ ነበርክ።»

«ዘንድሮ እግሬ ላይ ነኝ።»

አዩኝ። አንድ ጊዜ ደግመው በወይራው ቸብ አደረጉኝ፤ የበፊቱን ያህል ቀስ አላሉም። «አርባ አንድ» አሉ።

ጀመርኩ። እየተንበረከክሁ፣ ግንባሬን መሬት እያስነካሁ፣ በእግሬ ኃይል እየተነሣሁ፣ ልክ በቁራጭ እንደሠራነው። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ጣቴ ቀዩን ክር ነካ። ከዚያ ወዲያ ወገቤ የማያውቀው አገር ነው። ቆምኩ። ገብረአብ አጠገቤ ነበር፤ የራሱን ጨርሶ እኔን ያይ ነበር። ሲያሾፍ ልሰማው ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ነጠላውን አጣፋና ከእኔ ጋር ዳግመኛ ተንበረከከ። ስምንቷን አብሮኝ ሰገደ። አርባ አንድ! መስቀሉን ያዝኩና ቀና አልኩ። እንደዚያ ቀጥ ብዬ ቆሜ የማውቅ አይመስለኝም፤ የግቢው ዛፍ ሁሉ አጠረብኝ።

ዞር ስል እማማ ብርኽቲን አየሁ። ዛፍ ተደግፈው ጉልበታቸውን ይዘዋል። ከአርባ አንዳቸው ዘጠኝ ሰግደው ቆመዋል። ሲያዩኝ ሣቁ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር። «ወደይ፣ ያንተ ስግደት ናት፤ አልወጣ አለችኝ» አሉ።

ሰማያዊውን ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። መቁጠሪያዬን እጃቸው ላይ አደረግሁ።

«የእርስዎን እኔ ልስገድልዎ።»

«ወገብህስ!»

«ወገቤ ሐኪም አለው። ይቁጠሩልኝ።»

ሠላሳ ሁለት ቀርቷል። ዐርፌ፣ ውኃ እንኳ ሳልጠጣ ተንፍሼ፣ ቀስ እያልኩ ሰገድኩላቸው። ጮክ ብለው በትግርኛ ይቆጥራሉ፤ ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ… ዓሰርተ ክልተ ብለው ዐሥራ ሁለት ከደረሱ በኋላ በቀጥታ ሃያውን «ዕስራ!» አሉ።

«እማማ፣ ሰባት ዘለሉ።»

«ለወገብህ ብዬ ነው።»

«በስቅለት?»

አባ ተስፋልደት ከኋላችን ሣቁ። እማማ ብርኽቲ «ዓሰርተ ሰለስተ» ብለው ወደ ዐሥራ ሦስት ተመለሱ። እስከ መጨረሻው አንድም አልዘለሉ፣ እኔም አንድ አላስቀረሁም። ሲያልቅ ሁለት እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አኖሩና ብዙ ቆዩ። ከወጌሻውም ከቅባቱም ይልቅ ያ ገባኝ።

ሕመሙ ስንት ነው ብለሽ ሳትጠይቂኝ፣ ትናንት አምስት ነበር፣ ዛሬ ሦስት። ጨርሶ አልሄደም፤ እንደ ገብረአብ ነው፣ ሳይጠራ ይመጣል፣ ከተነሡ ግን ይሄዳል። ክሩን አልፈታሁትም፤ ጠዋት ጠዋት ይቀጥላል።

እማማ ብርኽቲ ማክሰኞ ለጉልበታቸው ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ እኔ ነኝ የምወስዳቸው። በእግር ሂዱ የተባሉ ቀን ታክሲ ውስጥ ከኋላቸው ማን እንደሚቀመጥ እናያለን። ለእሳቸውም ወረቀት ሣይላቸው፤ ስንት ጊዜ እንደሚሠሩ ግን በትግርኛ ጻፊው፣ እንዳይዘሉ።

አሁን ያቺን የከለከልሽኝን ቃል መልሺልኝ። ቆሜ ነው የምጽፋት፤ እማማ ብርኽቲም በመስኮት ሳይሆን አጠገቤ ሆነው እያዩኝ ነው።

እኔ ደህና ነኝ።

አጎትሽ ኃይለማርያም

ምስክር፦ ብርኽቲ። እውነቱን ነው ልጄ፤ እኔ ቆጥሬያለሁ።